ኢዮስያስ ተራራ ላይ ነው

ኢዮስያስ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በሞተበት ሰዓት፣ ከተማው የሚያውቀው ኢዮስያስ እንጦጦን እየወጣ ነበር። ልቡ ደህና ይመታል፤ ትንፋሹም ሸጋ ነው። እንዲያውም ያን ቀን ከወትሮው ፈጠን ብሎ ነበር።

ሚስቱ ኤልዳና ይህን አላወቀችም። እሷም እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ውጭ ነበረች። የት ልትሆን ኖሯል? ማለዳ የሕንፃው ድምፅ «ፀሐይ ወጥታለች፣ እናንተስ?» ሲል ሰው ሁሉ ጫማውን አስሮ ይወጣል፤ በሮቹ ከኋላው ጥርቅም ይላሉ፤ እስኪመሽ አይከፈቱም። ሥራው በእግር ነው፤ ትምህርቱ በእግር ነው፤ ችሎት እንኳ ዳኛው ከፊት፣ ተከራካሪዎቹ ከኋላ ሆነው በወንዝ ዳር እየተራመዱ ነው የሚዋለው። ኤልዳና «ውሃ ተቋረጠብኝ» የሚል አቤቱታ በጆሮ ማዳመጫ እየተቀበለች በቀበና ሽቅብ ቁልቁል ትላለች። በመንገድ ላይ መቀመጫ የሚባል ነገር ከተነቀለ ቆይቷል። የደከመው ዛፍ መደገፍ ይችላል፤ ያውም እግሩ ላይ ያለው እርምጃ ቆጣሪ አምባር ንዝር እስኪለው ድረስ ነው። ማታ ደግሞ በር የሚከፈተው የቤተሰቡ አምባር ሁሉ የቀኑን ሞልቶ አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው። አንዱ ቢጫ ካሳየ ሁሉም ተያይዘው እንደገና ይዞራሉ።

ሰዉ ጤነኛ ነው፤ ይሄን መካድ ግፍ ነው። ስኳርና ደም ብዛት የድሮ ሰው ወሬ ሆነዋል። የውጭ አገር እንግዶች እየመጡ፣ ሜዳው ላይ የሚዘለውን፣ ብስክሌት የሚጋልበውን፣ ገደል የሚቧጥጠውን ሕዝብ እያዩ «ታድላችሁ!» ይላሉ። ሰዉም ፈገግ ይልላቸዋል። ፈገግታውም ለአረንጓዴው ይረዳል ይባላል።

የታመመ ግን ቤት አይተኛም። የታመመ ወደ «ማረፊያ» ይሄዳል፤ ቆላ ነው፣ ከአዋሽ ወዲያ። መኪናው ንጹሕ ነው፤ ነርሶቹ ትሑታን ናቸው፤ አልጋውም ምቹ ነው አሉ። የተመለሰ ሰው ግን የለም። አለ የሚል ካለ እስቲ ያምጣውና እንየው።

የሰፈሩ እድር ሥራውን የቀየረው ለዚህ ነው። ዱሮ እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ያጽናናል። አሁን ደግሞ ሰው ሳይሞት ይሮጥለታል። አልጋ የያዘ አባል አምባሩ ይፈታና ጤነኛ አባል እግር ላይ ይታሰራል፤ ያ ሰው ለሁለት ይወጣል፣ ለሁለት ያልባል። ሕመምተኛው ቤቱ ውስጥ ጭጭ ብሎ ይውላል። ቤቱ ባዶ ነኝ ብሎ ስለሚያስብ መብራት የለም፤ ከቧንቧውም ውሃ አይወርድም። ማሳልም አይቻልም። ባዶ ቤት ሲያስል ከተሰማ የሚመጣው መኪና ነው።

የኢዮስያስን አምባር ያሰረው የጎን ጎረቤቱ ሚልኪያስ ነበር። የእድሩ ዳኛም እሱ ነው። ስድሳን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው፤ አፉ ለቀልድ እግሩ ለተራራ የተፈጠረ። መጀመሪያ ላይ ማታ ማታ አምባሩን ፈትቶ ለኤልዳና ይመልስ ነበር። ኋላ ግን «የሰው ሸክም ከተሸከሙ ወዲያ እየጣሉ ማንሳት ምን ይሉታል?» አለና ሳይፈታው ቀረ። ግራ እግሩ ላይ የራሱ፣ ቀኝ እግሩ ላይ የኢዮስያስ፤ ሰፊ ሱሪው ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል። አብሮት ይተኛል፣ አብሮት ይነሳል። ማታ ከኤልዳና ጋር በሯ ድረስ ይመጣል፤ በሩ ሁለት አረንጓዴ አይቶ ይከፈታል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ቤት ይገባል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማንም ክፉ አላሰበም።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ኢዮስያስ ተራራ ወዳድ ሰው ነበር። ሳንባው ሳይከዳው በፊት፣ አምባርም ሳይመጣ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንጦጦ ነበር የሚውለው፤ ማንም ሳያስወጣው። ኤልዳናን ያገኛትም እዚያው ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ። «ተነሽ አላልኳትም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ» እያለ ሲያወራ ሰውን ያስቅ ነበር። ታዲያ ሽቅብ መውጣት ግዴታ የሆነ ቀን ከፊቱ አንድ ነገር ጠፋ። «የምወደውን ነገር ወስደው ጅራፍ አደረጉብኝ» ይላት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚወደው ወንበሩን ብቻ ሆነ።

ያን ቀን ማታ ኤልዳናና ሚልኪያስ ደረጃውን አብረው ወጡ። አሳንሰሩ ለጤና ሲባል የተነቀለ ነው።

«ባልሽ ዛሬ ጉድ ሠራ!» አለ ሚልኪያስ በሩ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎረምሶቹን ሁሉ ጥሏቸው ሄደ። ንገሪው፣ ጉልበቴን እየጨረሰው ነው።»

«ራስህ ግባና ንገረው» አለች እየሳቀች።

በሩ ተከፈተ፤ መብራቱ በራ። ኢዮስያስ ወንበሩ ላይ ነበር። ያኖረችለት ውሃ እንዳለ ነው። እጁን ስትይዘው ቀዘቀዛት፤ ቀና ልታደርገው ስትል አልቃናም አላት።  አፏን ከፈተች፤ ያ ከሆድ የሚመጣው ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ሚልኪያስ በመዳፉ አፏን አፈነው።

«በሞቴ ኤልዱ! በሞቴ! ግድግዳው ይሰማል።»

እጁን ነከሰችው። እሱም አላነሳውም። እንደዚያ ተያይዘው ቆዩ፤ እሱ እንባው ይወርዳል፣ እሷ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ የለም። ባሏ ብቻውን፣ በጨለማ፣ ሳያስል ሞተ። ለዚህ እንኳ መጮህ አልተፈቀደላትም።

ከእራት በኋላ ሰፈሩ ሕንፃውን የሚዞርበት ሰዓት ስለሆነ እድሩ እዚያው እየዞረ ተሰበሰበ። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ቆሞ መነጋገር ስለማይችል ምክሩ ሁሉ በሩጫ ነበር። ሚልኪያስ መሃል ነው፤ ኤልዳና ከጎኑ፤ ከኋላ ደግሞ ብሩክታዊት። ብሩክታዊት ጎልማሳ ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ እናቷን ደብቃ የምታኖር። ከእሷ ሌላም የደበቁ አሉ።

«ነገ ጠዋት ሄጄ ባሌ ሞቷል ልበል» አለች ኤልዳና። «ሌላ ምን አለ? ልቅበረዋ!»

«መቼ ሞተ ሲሉሽስ?» አለች ብሩክታዊት። «እሱ ቤት ውስጥ ሬሳ ሆኖ ሲቀመጥ አምባሩ ተራራ ላይ ነበር። ከዚያ እያንዳንዱን በር ይከፍታሉ። እናቴ ... እትዬ ኤልዱ፣ እናቴን አየሻት አይደል? መኪናው ውስጥ ታልቃለች።»

 ኤልዳና ብሩክታዊትን መጥላት ፈለገች፤ አቃታት። የብሩክታዊት እናት ጥርስ የሌላት፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት፤ ኢዮስያስን «ጎረቤቴ በጨለማ» እያለች ማታ ማታ ሰው ሲገባ በግድግዳ ታንኳኳለት ነበር።

«የምፈልገው ብዙ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «በስሙ ይቀበር። እኔም ሦስት ቀን ልቀመጥ። ቁጭ ብዬ ላልቅስለት።»

የመቀመጥ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በዚያ ከተማ ሦስት ቀን ተቀምጦ ማልቀስ የሚፈቀደው ሟቹ «በጉዞ ላይ ያለፈ» ሲሆን ነው፤ ማለትም ውጭ፣ አየር ላይ፣ አምባሩ እግሩ ላይ እያለ የሞተ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ክብር አለ፤ ለቤተሰቡም ምንጣፍ ይነጠፋል።

«እንግዲያው ውጭ ይሙት» አለ ሚልኪያስ።

ሁሉም አንድ ዙር ዞሩ። ከዚያ ተስማሙ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። በሮቹ ሲከፈቱ ሰዉ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ የእድሩ ወንዶች ኢዮስያስን በመሃላቸው አድርገው፣ እጁን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ የስፖርት ዘፈን እየዘፈኑ አወረዱት። ተቀምጦ ስለደረቀ ሰውነቱ እንደተቀመጠ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ ሐሳቡን የሰጣቸው። ባልና ሚስት ተፈናጥጠው የሚነዱት የጥንድ ብስክሌት ታች ቆሞ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ እግሮቹን ከመርገጫው ጋር፣ ወገቡን ከወንበሩ ጋር አሰሩ። ቆብ አደረጉለት፣ ጥቁር መነጽር፣ አንገቱ ላይ ሹራብ። አምባሩ ግን ሚልኪያስ እግር ላይ ቆየ፤ ሬሳ ላይ ከታሰረ ወዲያው መጮሁ አይቀርማ።

ኤልዳና ፊት ተቀመጠችና መርገጥ ጀመረች።

የእንጦጦ መንገድ እሑድ ጠዋት ሰው በሰው ነው። ግራ ቀኙ በሯጭ ተሞልቷል። እሷ ስትረግጥ የኋላው መርገጫ አብሮ ስለሚዞር የኢዮስያስ እግሮች ይዞራሉ፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ክብደቱ ጀርባዋ ላይ ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር አገጩ ትከሻዋን ይነካታል። እድሩ ግራና ቀኝ ከቧት ይሮጣል።

«በርቱ! በርቱ!» ይላል መንገደኛው። «አባት፣ አይዞዎት! ምን ያለ ጎበዝ ሽማግሌ ነው እባካችሁ!»

አንዲት ወጣት ጠጋ ብላ ሮጠችና «ስታምሩ! እኔንም እንዲህ አብሮ የሚያረጅ ይስጠኝ» አለቻት።

«ይስጥሽ» አለች ኤልዳና።

እያለቀሰች ነበር። ማንም ልብ አላለም፤ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። «ወይ ኢዮስያስ» አለች በሆዷ፣ «ሁለት ዓመት ፀሐይ ሳታይ፣ አሁን ሞተህ ታወጣኛለህ?» ተናደደችበት። ከዚያ መናደዷ አንጀቷን በላው።

ከጫፉ በታች፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ካለበት ገባ ብለው ቆሙ። ፈትተው አወረዱት፤ ዛፍ አስደገፉት። ሚልኪያስ ጎንበስ ብሎ የኢዮስያስን አምባር ከእግሩ ፈታ፤ ቆዳው ሥሩ ነጭ ሆኗል። የሟቹ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰረለት።

«አሁን ይጮሃል» አለ። «ሲጮህ አንቺም ጩኺ። እስኪበቃሽ ጩኺ።»

ኤልዳና ነጠላዋን አወረደች፤ ወገቧን አሰረች። ጩኸቷ ደርሶ ነበር።

አምባሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ይህ የአቶ ኢዮስያስ አካል አይደለም። እባክዎ ለባለቤቴ ይመልሱኝ።»

 ሚልኪያስ ፈትቶ እንደገና አሰረው፤ ሌላኛው እግሩ ላይ ሞከረ፤ እጁ ላይ ሞከረ። «ይህ የአቶ ኢዮስያስ አካል አይደለም።» ድምፁ እየጨመረ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚልኪያስን ደም ሲያዳምጥ የኖረ አምባር፣ ኢዮስያስ ማለት ሚልኪያስ እንደሆነ ተምሮ ጨርሷል። እንደ መጀመሪያው ማታ ማታ ፈትቶ ቢመልስለት ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። በደግነቱ ነው የሰውየውን ሞት የነጠቀው።

«ምን በወጣኝ! ምን አደረግሁ እኔ?» አለ ሚልኪያስ። ሰው ወደ ጩኸቱ ዞር ማለት ስለጀመረ ነጥቆ እግሩ ላይ መለሰው። አምባሩ አረንጓዴ ሆነ። «እንኳን ተመለሱ፣ አቶ ኢዮስያስ» አለ።

ብዙም አልቆየም፤ አረንጓዴ ልብስ የለበሰች የተራራው አስተባባሪ በሩጫ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ትሕትናዋ ለጉድ ነው። ዛፉን የተደገፈውን ሰው አየች፤ አንገቱን ነካች፤ አምባር ፈለገች፤ አጣች። ያ ከተማ የሰው ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው አምባር ነው። ስለዚህ አምባር የሌለው ሰው ማንም አይደለም።

«ማንነቱ ያልታወቀ» አለች ለራሷ። ቀና ብላ «እናቴ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» ብላ ኤልዳናን ጠየቀቻት።

ኤልዳና ብሩክታዊትን አየች። ብሩክታዊት አልለመነችም። አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ክር ታስር ነበር፤ ክሩ ግን የታሰረ ነው።

«አላውቀውም» አለች ኤልዳና።

 ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ልትቀመጥ ስትል አምባሯ ንዝር አላት፤ ሚልኪያስ ክንዷን ይዞ አቆማት።

«ባለቤትዎ አብረውዎት ናቸው አይደል? አቶ ኢዮስያስ?» አለች ልጅቷ አምባር የሚያነበውን መሣሪያዋን እያየች።

«እኔ ነኝ» አለ ሚልኪያስ።

«ይደግፏቸው፣ አባቴ። ሬሳ ማየት ያስደነግጣል። እኛ እንወስደዋለን።»

የት እንደሚወስዱት ሁሉም ያውቃል። ባለቤት የሌለው ሬሳ ወደ ዛፍ ማዳበሪያ ነው የሚሄደው። ሚልኪያስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የእድር ዳኛ ድምፁን አወጣ።

«የኔ ልጅ፣ እኛ እድርተኞች ነን። መንገድ የወደቀ ሰው ትተን መሄድ ነውር ነው፤ ከጥንት የቆየ ነው። ፍቀጂልንና እኛ እንቅበረው።»

አስተባባሪዋ ተደነቀች። በመሣሪያዋ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ለማይታወቅ ሰው መቀመጥ የለም፤ ድንኳንም የለም፤ ቀብሩ ግን ይቻላል፣ እሷ እስካለች ድረስ።

እዚያው ተራራ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጉድጓዱ ተቆፈረ። የእድሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ሲቆፍሩ የቀሩት ዙሪያውን በዝግታ ይዞራሉ፤ አምባሩ ቆሞ መዋል አይፈቅድማ። ኤልዳና ከኋላ ነበረች። ፊት የቤተ ዘመድ ቦታ ነው፤ ቤተ ዘመድ ስለሌለ ፊቱ ባዶ ነበር። ያን ባዶ ቦታ እያየች ዞረች። እንደ እሳት ፈጃት።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ፍትሐቱን ጀመሩና መሃል ላይ ቆም አሉ።

«የክርስትና ስሙ ማነው? ነፍሰ ገብርከ ብዬ ማን ልበል?»

እድርተኞቹ አፈሩን እያዩ ዞሩ።

«ያለ ስም እንዴት አድርጌ ልፍታው? የሚያውቅ የለም?»

ኤልዳና ታውቃለች። እናቱ ከሞተች ወዲህ በምድር ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስሙ ምላሷ ላይ ነው። ከተናገረች አስተባባሪዋ አጠገቧ ናት፤ ካልተናገረች ባሏ ያለ ስም ይሄዳል፤ ማንም ሳይሆን። በሕይወቱ እንደሌለ ኖረ፤ በሞቱም እንዳልነበረ ሊሆን ነው። አፏን ከፈተች። ትናገረዋለች፤ ይምጣ የመጣው፤ መኪናውም ይምጣ!

«አባ» አለ ሚልኪያስ ቀድሟት። «የኔን ስም ይስጡት።»

ቄሱ ዞር አሉ። «ምን አልክ?»

«የክርስትና ስሜን። ሰውዬው ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ። ስም ከሌለው በኔ ስም ይሂድ። ኢዮስያስ እባላለሁ። የክርስትናውን ግን ...» ወደ ኤልዳና ዞረ። «እኔ ሁሌ እረሳዋለሁ። ባለቤቴ ታውቀዋለች። ንገሪያቸው እንጂ፣ ኤልዱ። የባልሽን ስም ንገሪያቸው።»

አስተባባሪዋ መሣሪያዋን አየች፤ ኢዮስያስ ይላል፤ አረንጓዴ ነው። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ወልደ ገብርኤል» አለች ኤልዳና። ድምፏ ሰፊ ሆኖ ወጣ፤ ራሷንም አስደነገጣት። «ወልደ ገብርኤል ነው ባሌ።»

«ስምህን ለሰው ሰጥተህ፣ ያንተ ቀን ሲመጣ ምን ተብለህ ልትጠራ ነው?» አሉት ቄሱ።

«እኔማ መች እሞታለሁ፣ አባ» አለ ሚልኪያስ። መሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ። ነፍሰ ገብርከ ወልደ ገብርኤል። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ኤልዳና ስሙን በሰማች ቁጥር እንባዋ ይወርዳል፤ አላፈነችውም። አፈሩ ሲገባ ብሩክታዊት ከጀርባዋ አቀፈቻትና «ይቅር በይኝ እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት በጆሮዋ። «ዝም በይ» አለቻት ኤልዳና። «ሂጂና እናትሽን ጠብቂ።»

ቀብሩ አለቀ። የመሰብሰቢያው ጊዜ ስላበቃ የሁሉም አምባር መንዘር ጀመረ። ሰዉ ብትን እያለ ቁልቁል መሮጥ ያዘ። ሚልኪያስ ብስክሌቱን አመጣ፤ ሁለቱ ወንበሮች ካልተያዙ አይንቀሳቀስምና ኋላ ላይ ተቀመጠ። ኤልዳና አፈሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

አስተባባሪዋ መጣች። ልጅቷ አዝናለች፤ የምር አዝናለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የኤልዳናን ሁለት እጆች ያዘች።

«እናቴ፣ ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል! እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው አላየሁም። ባለቤትዎም እንዴት ያለ ደግ ሰው ናቸው! ስሙን ለመንገደኛ የሚሰጥ የት ይገኛል?» ወደ ብስክሌቱ ዞር ብላ አየች። «ዕድሜ ይስጥልዎ። ለባልዎ ረጅም ዕድሜ ይስጥልዎ።»

ኤልዳና አዲሱን አፈር አየች።

«አሜን» አለች።